ግራ ትከሻዋ ዝቅ ያለው ሴት

ጥቅምት 4
ገበያ ወጣሁ። ድንች፣ ትንሽ ሽንኩርት፣ ሳሙና። ብርዱ ዘንድሮ ቀድሞ ገባ። ከሰዓት ልብስ አጠብኩ። የየኔአለምን ደብተር ፀሐይ ላይ አሰጣሁት፤ ክረምቱን ጣራው አፍስሶበት ዳር ዳሩ ረጥቧል።

የኮምፒውተር ንድፍ የተማረችበት ደብተር ነው። ስምንተኛ ክፍል ላቆመ ሰው ከባድ ነው። ግን የልጄ ጽሕፈት ነው። አንድ አንድ ገጽ አነባለሁ። ምን የሚያስቸኩለኝ አለ?

ጥቅምት 6
የዛሬው ገጽ። «ሌየር፦ በላይ በላዩ እንደተነባበረ ስስ ወረቀት። ግድግዳው በአንዱ፣ በርና መስኮቱ በሌላው፣ መብራቱ በሌላው። ሌየር ማጥፋት መሰረዝ አይደለም። አይታይም እንጂ አለ።»

አይታይም እንጂ አለ...

ሦስት ጊዜ አንብቤ ዘጋሁት።

ጥቅምት 9
ዓባይነህ ሙዝ ይዞ መጣ። ከየኔአለም ጋር አንድ ቢሮ፣ ጎን ለጎን ነበር የሚሠሩት። ነሐሴ ላይ የተሳፈረችበት መኪና በአቀስታ መንገድ ተገልብጦ ልጄን ሲያመጧት፣ ሬሳዋን ከተሸከሙት አንዱ እሱ ነው። በሰልስቷ የኮምፒውተር ሥራዋ ያለበትን ፍላሽ የሰጠሁትም ለሱ ነው። «እትዬ አልታዬ፣ የቤተ መጻሕፍቱን ንድፍ እኔ እጨርስላታለሁ። ስሟ ይጻፍበታል» ብሎኝ። ጉልበቴን ስሞ ነበር የተቀበለኝ።

«ንድፉስ እንዴት ሆነ?» አልኩት ዛሬ።

«ኧረ እሱማ ብዙም አልተነካም ነበር። ከዜሮ ነው የሠራሁት።»

ከዜሮ? ሰኔና ሐምሌን ዓይኗ እስኪቀላ ምን ስትሠራ ከረመች ታዲያ? ልጠይቀው ስል ስልኩ ጠራ፣ ወጣ። እውነቱን ይሆናል... እኔ ምን አውቃለሁ።

ጥቅምት 12
ደብተሩ ውስጥ በእርሳስ የተሳለች ሴት አገኘሁ። ፊት የላትም። ሻሽ አስራለች። ጃንጥላ በብብቷ። ግራ ትከሻዋ ዝቅ ያለ።

እኔ ነኝ። በልጅነቴ ከወደቅኩ ወዲህ ትከሻዬ እንዲህ ነው። ሰው ፊት በነጠላ እሸፍነዋለሁ። የኔአለም ግን ትስቅብኝ ነበር።

«እማ፣ ትከሻሽ እኮ ስሎፕ አለው።»

«እሱ ደግሞ ምንድን ነው?»

«የጣራ ተዳፋት። ዝናብ አይተኛብሽም።»

«አንቺ ወስላታ! እናትሽ ጣራ ናት?»

«እና ጣራዬ አይደለሽ?»

ከስዕሉ ሥር «ብሎክ፦ እማ» ብላ ጽፋለች። ብሎኬት? ብሎኬት ነው ያለችኝ? ምኔ ነው ብሎኬት የሚመስል... ቅር አለኝ። አፈር የገባ ሰው ይቀየሟል?

ጥቅምት 13
የጎረቤቴን የኡምኩልሱምን ልጅ፣ ሱሀይላን፣ ጠየቅኳት። እሷም ያንኑ ትምህርት ተምራለች። ሳቋ አላስቆም አላት።

«ወላሂ እትዬ፣ ብሎኬት አይደለም! ብሎክ ማለት አንዴ ተስሎ ስም የሚሰጠው ነገር ነው። በር ይሁን፣ ወንበር፣ ዛፍ፣ ሰው። ከዚያ የፈለጉበት ቦታ ያስቀምጡታል። ዋናውን ካስተካከሉት ያስቀመጡት ሁሉ አብሮ ይስተካከላል።»

«ሰው ደግሞ ለምን ይሳላል?»

«የቤቱ ቁመት እንዲታወቅ። ዓይን የሚለካው በሰው ነው።» ከዚያ ሳቋን ተወች። «የኔአለም በሠራችው ሁሉ ላይ እኮ እርስዎ አሉ። በር ላይ ነበር የምታቆምዎ። አያውቁም?»

አላውቅም ነበር። በስንት ሰው በር ቆሜያለሁ...

ጥቅምት 19
የቤተ መጻሕፍቱ የመሠረት ድንጋይ ተቀመጠ። ሄድኩ። ትልቅ ሰሌዳ ተተክሏል፣ የሕንፃው የፊት ገጽታ ያለበት። ከሥሩ «ንድፍ፦ ዓባይነህ»። የልጄ ስም የለም። ዙሪያውን ፈለግሁ፣ የለም። ሰው ያጨበጭባል።

የተሳለው በር ላይ አንዲት ሴት ቆማለች። ጃንጥላ በብብቷ። ግራ ትከሻዋ ዝቅ ያለ።

ከዜሮ ነው የሠራሁት አላለኝም? ዜሮው እኔን ከየት አመጣኝ?

ጥቅምት 20
ቢሮው ሄድኩ። ብድግ ብሎ ወንበር ሰጠኝ። አልተቀመጥኩም።

«ንድፉን ኮምፒውተሩ ላይ ክፈትና በሩ ላይ ያለችውን ሴት ንካልኝ።»

«የቷን እትዬ?»

«እኔን።»

ነካት። በስክሪኑ ጥግ ስሟ ወጣ። እማ። ደብተሩን ከፍቼ ስዕሏን በጣቴ አሳየሁት። ላብ አጠመቀው።

«ሰሌዳ ላይ የሚጻፈው ንድፉን የፈረመው ሰው ስም ነው እኮ... እሷ እንደሆነ የለችም። ስም ምን ያደርግላታል?»

«ቃል ሰጥተኸኛል።»

«እትዬ፣ ለቅሶ ላይ የማይባል አለ እንዴ?»

ይህን አለኝ። ያ ጉልበት ስሞ ያለቀሰው ልጅ። እኔ ደግሞ ያንን ዕንባ አምኜ ነው ፍላሿን ያስጨበጥኩት።

ስወጣ ከኋላዬ ተከተለኝ። «አብሽሩ፣ አስተካክለዋለሁ።»

ጥቅምት 25
ሰሌዳው ዛሬም እንደነበረ ነው። ቢሆንም አስተካክለዋለሁ ብሏል።

ኅዳር 2
ሰሌዳው ተቀይሯል። ስሙ እንዳለ ነው። ሴትዮዋ የለችም። በቦታዋ ዛፍ።

አስተካከለው።

«ሌየሩን ብቻ አጥፍቶት ይሆን? አለች ይሆን ከሥር?» አልኳት ሱሀይላን። አንገቷን ደፋች። «ብሎኩን ከሰረዘው ከሁሉም ገጽ ነው የሚጠፋ፣ እትዬ።»

ማን አሳየው? እኔ። በዚች ጣቴ።

ኅዳር 3
አልተነሳሁም።

ታኅሣሥ 5
ዓባይነህን መንገድ ላይ አገኘሁት። ለሰላምታ ጎንበስ አለ። አለፍኩት። ድሮ ቢሆን ሰው ምን ይለኛል ብዬ እስመው ነበር።

ቀጥ ብዬ ግንባታው ጋ ሄድኩ። ግድግዳው ወገብ ደርሷል። የበሩን ክፍተት ትተውታል። ገብቼ፣ ልጄ በምታቆመኝ በኩል ቆምኩ። ጃንጥላዬ በብብቴ።

«እማማ፣ ድንጋይ ይወድቅብዎታል! ማንን ፈልገው ነው?» አለ ጥበቃው።

«ማንንም። ቦታዬ ነው።»

ግንበኛው አምባቸው ከወዲያ ሳቀ። «ተዋቸው፣ ደግ ነገር ነው! እማማ፣ እስቲ እዚያው ይቁሙልኝ። በሩ ከሰው ራስ ምን ያህል ከፍ እንደሚል ልየው።»

ነጠላዬን ከትከሻዬ አወረድኩ። ቆምኩለት።