በማረፊያ ሰዓት የቀረበ ሰላምታ

ቅዳሜ፣ ጃንዋሪ 24፣ አካላ (ባሕር ማዶ)

እኔ ኃጢአተኛዋ ሳምራዊት በሙሉ አእምሮዬ እናዘዛለሁ፦ ዛሬ አየር ላይ ሆኜ ስልክ ደውያለሁ።

አጎቴ ጋሽ ታደሰ ራሱ በሚያበራት ትንሿ የበረራ ክለብ አውሮፕላን ሊያንሸራሽረኝ ወሰደኝ። ስንነሳ "ለማረፍ ስንወርድ ትንፍሽ እንዳትዪ" ብሎኝ ነበር። እንደ ጳጳስ ኮስተር ሲል ግን ሳቄ መጣ። ልክ ወደ በረዷማው ሜዳ ስንወርድ ለአያቴ ደወልኩና ከጆሮ ማዳመጫችን ጋር አገናኘኋቸው። "ጋሼ፣ እማማ ደወሉ!" አልኩ።

ጋሼ የእናቱን ሰላምታ ማቋረጥ አይሆንለትም።

"ደህና ነህ ልጄ? ጉልበትህስ? ሚስትህስ?"

"እግዚአብሔር ይመስገን እማዬ፣ አንቺስ? ወገብሽስ?"

ወገባቸው ጋ ሲደርሱ ፍጥነት መቀነሱን ረሳው። መሬት ስንነካ ሜዳው ሊያልቅ ነበር፣ ፍሬኑም በረዶው ላይ አልያዘም። ተንሸራተን የበረዶ ክምር ውስጥ ገባን። እኛ ተረፍን፣ ፊቷ ላይ የሚሽከረከረው ፕሮፔለር ግን ተጣመመ።

ለክለቡ ሰዎች "ጥፋቱ የኔ ነው፣ ፈጥኜ ወረድኩ" አላቸው። እናቱን አላነሳም። መኪና ውስጥ "ከእንግዲህ አልበርም፤ አንቺን አጥቼ ቢሆንስ?" አለኝ። እኔ ግን መስኮት መስኮቱን አየሁ።

አሁን ሳሎን ሆኖ ለአያቴ በስልክ ሲናገር ይሰማኛል።

"እማዬ፣ አልተቀየምኩሽም፤ እየበረርኩ እንደነበር አላወቅሽም።"

"ምኑን ነው የምትቀየመኝ?"

"መደወልሽን ነዋ።"

"እኔ? ሲጠራ ማንሳት እንጂ መደወል መቼ አውቅበትና!"

አሁን ወንበር ተገፋ።

"ሳምራዊት!"