የማይሰበር መኪና

ናኦያ ልጄ፣ እንደ ፉጂ ተራራ ጸንተህ ኑርልኝ። ሚዮዬን ሳምልኝ። እኔ ደህና ነኝ፤ ሻይ ቅጠሉ ተለቅሟል፣ ጉልበቴም እንደ ልማዱ ያመኛል።

ለአንተና ለልጅህ ለሚዮ የማይሰበር፣ በሪሞት የሚነዳ መጫወቻ መኪና ልገዛ ወደ ሽማግሌው ኩማጋይ ሱቅ ሄድኩ። «የማይሰበር የለም እትዬ፣ መለዋወጫ ያለውን ውሰጂ» ብለው በባትሪ የሚሄድ ትልቅ የጭነት መኪና አስነዱኝ። ብታየኝ! ከግድግዳ አላተምኩት፤ ሦስቴ ተገለባብጦ በጎማው ቆመና መንገዱን ቀጠለ። እኔም እሱኑ ገዛሁት።

እንደ ወጋችን ከመላኬ በፊት በአባትህ ፎቶ ፊት አኖርኩት። ያንተን መኪና ሁልጊዜ ብቻውን ጠግኖ ነበር የሚሰጥህ፤ «ምነው አብረን በጠገንነው» እያለ እስኪሞት ይጸጽተው ነበር።

አደራ፣ ሲሰበር ብቻህን አትጠግነው። ብሎኑን ሚዮ ታጥብቀው። አራቱም እጆቻችሁ ይባረኩ።

እናትህ ፉሳኤ