ስለ አንዲት የቦይ ስንጥቅ የቀረበ ምስጋናና ልመና

ለተከበሩ የከተማ ማስዋብ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ የሠሩልንን መናፈሻ ይመለከታል

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናዎ የተሟላ፣ እንቅልፍዎ የጠለቀ፣ ጆሮዎ የሰላ፣ ማታም ወደ ቤትዎ ሲገቡ የራስዎ ቤት መሆኑን ሳይጠራጠሩ የሚገቡ እንዲሆኑ ከልቤ እመኛለሁ። የመጨረሻውን ምኞት ለምን እንደጨመርኩት ደብዳቤውን ወደ ታች ሲያነቡ ይደርሱበታል። ሥራ የሚበዛብዎ ሰው ስለሆኑ ባይደርሱበትም አልቀየምም፤ ለምደነዋል።

እኔ ከመናፈሻው ጥግ፣ ሰማያዊ በር ካለው ቤት ልብስ እየሰፋሁ የምኖር ሴት ነኝ። የስፌት መኪናዬ መስኮቱ ሥር ስለተቀመጠ፣ መናፈሻው ከመጀመሪያው ቁፋሮ እስከ ሪባን ቆረጣው የተሠራው እኔ እያየሁት ነው። የምረቃው ዕለት በድምፅ ማጉያ «ይህ ለዘመናት ማንም የማይኖርበት ባዶ ረግረግ ነበር» ሲሉም መርፌ ላይ ክር እያስገባሁ ሰምቼዎታለሁ። ያደረጉልንን ሁሉ ያለ ምስጋና ማለፍ ነውር ስለሆነ በተራ በተራ አቀርባለሁ።

1ኛ. ባዶ ስላሉት ቦታ። በዚያ ባዶ ቦታ ደንገል ይበቅል ነበር፤ በደንገሉ ውስጥ እንቁራሪቶች ይኖሩ ነበር፤ እንቁራሪቶቹ ትንኝ ይበሉ ነበር፤ ነጫጮቹ ወፎች ደግሞ በተራቸው እንቁራሪቶቹን ይለቅሙ ነበር። የደንገሉ ሥር ከላይ የሚመጣውን ጭቃ ያስቀር፣ መሬቱም የክረምቱን ውኃ ጠጥቶ በበጋ ለጉድጓዶቻችን ጥቂት በጥቂት ይመልስ ነበር። ከእነዚህ ሁሉ አንዱም በመሥሪያ ቤትዎ የተቀጠረ አልነበረምና፣ ቦታው ባዶ የመሰለዎ ምናልባት ለዚህ ይሆናል።

2ኛ. ስለ ትንኙ። ከትንኝ ሊገላግሉን መድኃኒት ስላስረጩልን እግዜር ይስጥልን። ትንኙ አልሞተም አልልም፤ ሞቷል፤ ትንኝ በላተኛውም አብሮ ሞቷል። ችግሩ፣ ትንኝ ለመመለስ አንድ የጠርሙስ ክዳን ውኃና ጥቂት ፀሐይ ይበቃዋል፤ እንቁራሪት ግን የረጋ ውኃ፣ እንቁላሏን የምታጣብቅበት ሣርና ረጅም ክረምት ትፈልጋለች፤ ይህን ሁሉ እርስዎ ጠርገው ጨርሰውታል። ስለዚህ ትንኙ ቀድሞ ተመለሰና ከልካይ የሌለበት ቤት አገኘ። ዛሬ ከበፊቱ የበለጠ ትንኝ አለን፤ ይኸውም ሳንጠይቅዎ የጨመሩልን ነው።

3ኛ. ስለ ቦዩ። እንደ ማስመሪያ ቀጥ ብሎ በሲሚንቶ የተለሰነው ቦይ በእውነት ያምራል። ውኃው የሚያርፍበት ቦታ ስላጣ፣ ከላይ ሲነሳ እስከ ታችኛው ሰፈር አንድ ትንፋሽ ነው። ባለፈው ክረምት ጫማ ሰፊው ጎረቤታችን ቤት ሰተት ብሎ ገብቶ የደንበኞቹን ጫማ ጠራርጎ ወሰደበት፤ ምስኪኑ ሰውዬ ግራ ግራውን እየለቀመ ቀኝ ቀኙን ሲፈልግ ከረመ። አቤት ለማለት ስንሄድ ባለሙያዎ «ቦዩ የተሠራው ውኃው ፈጥኖ እንዲሄድ ነው» ብሎ መለሰልን። ልክ ነው፤ ፈጥኖ ሄዷል። የጉድጓዶቻችን ውኃም አብሮት ሄዷል።

4ኛ. ስለ ወፎቹ። ነጫጮቹ ወፎች የሚበሉት አጥተው ሲሄዱብን፣ በምትካቸው አንድ እግራቸውን አንስተው የሚቆሙ የሲሚንቶ ሽመላዎች አቁመውልናል። ምንም አይበሉም፣ የማንንም መኪና አያቆሽሹም፣ ጥለውንም አይሄዱም፤ ቀለማቸው ግን ተልጧል።

አምስተኛውን በቁጥር ልጽፈው ሞክሬ እጄ እምቢ አለኝ፤ ስለዚህ እንዲሁ እጽፈዋለሁ።

እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ የስልክ ቤት ኦፕሬተር ነበረች። ሰው የምታውቀው በፊቱ ሳይሆን በድምፁ ነው፤ መንገድ ላይ ሰላም ያላት ሰው አፉን እስኪከፍት ድረስ ለእሷ ባዳ ነበር። ኋላ የመርሳት በሽታ ሲይዛት መጀመሪያ ፊቶችን ወሰደባት፤ ቀጥሎ ስሞችን፤ የእኔም ስም አብሮ ሄደ። ጆሮዋ ግን ቀረላት። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ይጨንቃታል፤ ሻርፗን ትከናነብና ቦርሳዋን ታቅፋ «የኔ ልጅ፣ ወደ ቤቴ አድርሽኝ፤ እናቴ ታስባለች» ትለኛለች። እቤትሽ ነሽ ብሎ መሟገት ማስለቀስ ብቻ ነው። ስለዚህ ክንዷን ይዤ እወጣለሁ፤ ሰፈሩን አንድ ጊዜ እንዞርና በረግረጉ በኩል ወደ ራሳችን በር እንመለሳለን። እዚያ ስንደርስ እንቁራሪቶቹ ይንጫጫሉ። ቆም ብላ ታዳምጣለች፤ ፊቷ ይፈታል፤ «ደረስን» ትላለች። ገብታ ሻርፗን ሰቅላ ትተኛለች። ክቡርነትዎ፣ የእኛ መድኃኒት ይኸው ነበር፤ ሌላ የሰጠን ሐኪም የለም።

መድኃኒትዎ ከተረጨ በኋላ ሰፈሩን ዞረን በሩ ላይ ስንደርስ የሚንጫጫ እንቁራሪት የለም። እናቴ አዳመጠች፤ አዳመጠችና «ይሄ አይደለም» አለች። እንደገና ዞርን። «ይሄም አይደለም።» እግሯ እስኪያብጥ የዞርንባቸው ምሽቶች አሉ። በድምፁ ጉልበት «ጥሩምባ» የምንለው ሹፌር ወንድሜ መስኮቱ ሥር ተደብቆ እንደ እንቁራሪት ሊጮህላት ሞክሮ ነበር፤ እናቴ በዚያ በድሮ የሥራ ድምፅዋ «ይዝጉት ጌታዬ፣ የተሳሳተ ቁጥር ነው» አለችው። ሳቅን፤ ከዚያ ወንድሜ ግድግዳው ላይ ተደግፎ አለቀሰ። እናቴ በገዛ ቤቷ እንግዳ ሆና ከረመች። እኔን እያመሰገነች ትበላለች፤ አልጋውን ለባለቤቱ እንድመልስላት ትለምነኛለች።

አሁን ወደ ዋናው ምስጋናዬ ልምጣ። ቦይዎን የሠራው ተቋራጭ ሲሚንቶውን ስለቆጠበ፣ ከእኛ ቤት ፊት ለፊት ያለው ወለል ተሰንጥቋል። በስንጥቁ ውስጥ ውኃ ረጋ፤ በውኃው ሥር ጭቃ ተኛ፤ ሞተ ያልነው የደንገል ሥር ከሲሚንቶው ሥር እንዳለ ቆይቶ ኖሮ ብቅ አለ። ማንም አልተከለውም፤ ማንም ሪባን አልቆረጠለትም። አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ከዚያ ውስጥ አንዲት እንቁራሪት ጮኸች። ከየት እንደመጣች እንጃ፤ ከቦዩ በላይ ካለ አንድ ኩሬ ይሆናል። እናቴ በሩ ላይ ቀጥ ብላ ቆመች። «ደረስን» አለች። ከዚያም ወደ እኔ ዞራ፣ ከስንት ጊዜ በኋላ በስሜ ጠራችኝ።

ስለዚህ የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው። ባለሙያዎ ሰሞኑን መጥቶ ስንጥቁን ለክቶ ቀይ ምልክት አድርጎበት ሄዷል። እባክዎ አይድፈኑት። ትንኙንም፣ ጎርፉንም፣ ሽመላዎቹንም እንደምንም እንችላቸዋለን። ከሠሩልን ሥራ ሁሉ የተበላሸውን ብቻ ይተዉልን፤ ደግ የዋለልን እሱ ነው።

አንድም ሰው እንቅልፍ ሳይነሳዎት፣ አንድም ትንኝ ሳይነድፍዎት ለረጅም ዘመን ወንበርዎ ላይ እንዲቆዩልን የምመኝ፣ ሽመላዎችዎን በየማለዳው በመስኮት የማያቸው፣

አክባሪዎ፣ የሰማያዊው በር ልብስ ሰፊ

ማሳሰቢያ፦ ይህን ደብዳቤ አጥፌ ፖስታ ውስጥ ሳስገባ ሠራተኞችዎ መጡ። ለጎርፉ አቤት ብለን ጆሮ ዳባ ልበስ ያለን ጽሕፈት ቤት፣ ማንም ያልከሰሰውን ስንጥቅ በግማሽ ቀን ደፍኖ ስለጨረሰ ቅልጥፍናው አስደንቆኛል፤ ልስኑም ቆንጆ ነው። አሁን ፀሐይዋ እያዘቀዘቀች ነው። እናቴ ሻርፗን ተከናንባ፣ ቦርሳዋን ታቅፋ በሩ ላይ ቆማለች። የሰፈሩ ካርታ መሥሪያ ቤትዎ ስላለ፣ ቤቷ በየት በኩል እንደሆነ ምልክት አድርገው ይላኩልኝና እኔው እወስዳታለሁ።