ሸርተቴያችንን መርቀው ቁልፉን ይዘው ለሄዱት ክቡር ኃላፊ

ለክቡር የመዝናኛ ስፍራዎች ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ካሉበት

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሞ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? የአዳማ ሙቀት በዚህ ሰሞን ሰውን ቢያንገላታም፣ የቢሮዎ ማቀዝቀዣ ሳይታክት እንደሚያገለግልዎ ከደጅ ቆመን ድምፁን ሰምተናልና ተጽናንተናል። ለባለቤትዎ፣ ለልጆችዎ፣ መስታወቷን ከፍ አድርጋ ለምታልፈን መኪናዎም ሳይቀር ሰላምን እንመኛለን። እኛ ከተራራው ሥር ያለው ሰፈር የእድር አባላት ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን፤ የቸገረን ቁልፍ ብቻ ነው።

ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የምጽፍልዎ ድፍረት እንዳይመስልብኝ እሰጋለሁ። እኔ የእድሩ ጸሐፊ ሮማነወርቅ ኪዳነወልድ፣ የሥራ ዘመኔን ስልክ አገናኝ ሆኜ የጨረስኩ ሴት ነኝ። ሞጆን ከጅቡቲ፣ ባልን ካኮረፈች ሚስቱ አገናኝቻለሁ፤ እርስዎን ግን ከቢሮዎ ሥር ቆሜ ላገኝዎ አልቻልኩም። ስብሰባ ላይ ናቸው በተባልኩ ቁጥር አምኜ ተመልሻለሁ። ይህን ያህል የሚሰበሰብ ሰው አንድ ቀን አንድ ነገር ይወስናል በሚል ተስፋ ነበር።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ላስረዳ። ከዓመታት በፊት አንድ ባለሀብት ከሰፈራችን በላይ ባለው ተዳፋት ላይ ሰው ሠራሽ የበረዶ መንሸራተቻ ሠራ። በረዶ አልነበረውም፤ እንደ ቡርሽ ፀጉሩ የቆመ ነጭ የፕላስቲክ ምንጣፍ ሲሆን፣ ውኃ ሲረጩበት ያንሸራትታል። በረዶን ከለስላሳ መጠጥ ማቀዝቀዣ ውጭ አይቶ ለማያውቅ ሕዝብ ይህን ማሰቡ ራሱ ያስመሰግነዋል። ብዙም ሳይቆይ ግን ጥሎት ጠፋ፣ ቦታውም የፍየል መዋያና የጫት ገረባ መጣያ ሆነ። እኛም ሸርተቴ እያልን በአጠገቡ ማለፉን ለመድነው።

የልጆቻችን መጫወቻ ያን ጊዜ አስፋልቱ ነበር፤ በአስፋልቱ ላይ ደግሞ ተሳቢ የሚጎትተው ከባድ መኪና ይወርዳል። የጋሪ ነጂው የጋሮምሳ ልጅ ኳስ ተከትላ ገብታ በዚያው ቀረች። ድንኳኑን የተከልነው፣ አስከሬኗን የሸኘነው እኛ ነን። ከቀብር ስንመለስ እድራችን፣ ለሞተ ድንኳን መትከል ብቻ ምን ይጠቅማል፣ እስቲ በሕይወት ላሉት አንድ ነገር እንሥራ አለ። እርስዎም ዘንድ መጥተን ሸርተቴውን እናድሰው ብለን ስንጠይቅዎ፣ ዓይን ዓይናችንን እያዩ «ሥሩት፣ የእናንተው ነው» አሉን። ያመንነው ያን ጊዜ ነው።

ደቦ ወጣን። ገረባው ተጠረገ፣ እሾሁ ተመነጠረ፣ የተቀደደውን ምንጣፍ ሴቶቹ በጆንያ መስፊያ መርፌና በቀይ ሲባጎ ሰፉት። ጋሮምሳ ውኃውን በበርሜል በጋሪው አመላለሰ፤ ለአህያው ገለባ መግዣ እንኳ ስጡኝ አላለም። መንሸራተቻ ስላልነበረን ቢጫ ጀሪካን ለሁለት ሰንጥቀን ልጆቹን አስቀመጥንባቸው። የስፖርት መምህርቷ ኑሰይባ ፊሽካዋን ይዛ በተራ በተራ ስትለቃቸው አስፋልቱ ባዶ ሆነ። ባዶ አስፋልት እንዲህ ደስ ይላል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

ከዚያ በኋላ ላደረጉልን ሁሉ ምስጋናችን እንደሚከተለው ነው።

አንደኛ፣ በምረቃው ዕለት ጥሪያችንን አክብረው ስለተገኙና ሸርተቴው «በጽሕፈት ቤታችን ያላሰለሰ ጥረት» እንደታደሰ ስላበሠሩን እናመሰግናለን። ጋሮምሳ ከኋላ ቆሞ ሲያዳምጥ፣ ለካ እኔ ውኃ ሳመላልስ ጽሕፈት ቤቱ ነበርኩ ብሎ ተገረመ። በመካከላችን የተደበቁ የመንግሥት ሠራተኞች እንዳሉ አናውቅም ነበር።

ሁለተኛው ስለ ቁልፉ ነው፤ እዚህ ላይ ጥፋቱ የእኛ ስለሆነ ይቅርታዎን እንጠይቃለን። በሰፈራችን ልማድ አዲስ ነገር ሲመረቅ ቁልፉ በትሪ ሆኖ ለክብር እንግዳው ይቀርባል። እንግዳው ይከፍታል፣ ሽማግሌዎች ይመርቁታል፣ እርሱም ለደግ ያድርግላችሁ ብሎ ቁልፉን ለባለቤቶቹ ይመልሳል። እርስዎ ከፈቱ። ሽማግሌዎቻችን በአፋን ኦሮሞም በአማርኛም መረቁዎት፤ እርስዎም «ገላቶማ» ብለው አመስግነው ቁልፉን ከነመለዋወጫው ኪስዎ ከተቱት። ሁላችንም አይተናል። እንግዳን ኪስህን ፈትሽ ማለት ነውር ነው ብለን፣ ይሉኝታ ይዞን፣ ምሳ ሲበሉ ዝም፣ እጅዎን ሲታጠቡ ዝም፣ መኪና ሲገቡም ዝም አልን። ሲሸኙ ጭራሽ አጨበጨብን። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ተረቱ ለእርስዎ አይመጥንም፣ ሞኞቹ እኛ ነንና።

ሦስተኛ፣ በማግስቱ በሩን ዘግተው ጥበቃ ስላቆሙልን ምስጋናችን ወደር የለውም። ቦታው ፍየል ሲውልበት ጠባቂ አላስፈለገውም ነበር፤ ልጆች ሲገቡበት ግን አደጋው ታየዎት። ለጥናት ነው ተባልን። ጥናቱ አልቆ ተዳፋቱ በዶዘር ተደልድሎ ለከባድ መኪና ማቆሚያ ሊከራይ መሆኑን ከሻይ ቤት ሰማን። ልጆቹን ከመኪና ያሸሸንበትን ቦታ ለመኪናው መስጠትዎ፣ ቢያንስ ማንን እንደሚያስቀድሙ በግልጽ ስላሳወቀን ከጥርጣሬ ገላግሎናል።

አራተኛው እኔው ራሴ በዓይኔ ያየሁት ነው። ባለፈው ሳምንት ደጅዎን ልጠና መጥቼ በቢሮዎ መግቢያ ላይ ጫማዬን ስጠርግ ዝቅ ብዬ አየሁ። ነጩ ምንጣፍ ነበር፤ ከተዳፋታችን ተቆርጦ የባለጉዳይ ጭቃ መጥረጊያ ሆኗል። በመካከሉ ቀይ ስፌት አለ። ያን ስፌት አውቀዋለሁ፣ አጠገባቸው ተቀምጬ ሲባጎውን ሳቀብላቸው ነበር። የአዴ ዲንቄ ስፌት ነው። አንባቢ ላያውቃቸው ይችላል፤ እርስዎ ግን ያውቋቸዋል፣ ወላጅ እናትዎ ናቸውና።

እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ ትሕትናዬን ትንሽ ላስቀምጠውና አዝነናል ልበልዎ። ባዳ ቢያደርገው ባዳ ነው ብለን እንተወው ነበር። እርስዎ ግን በእነዚሁ ቅያሶች ሲሯሯጡ ያደጉ፣ ትምህርት ቤት ሲገቡ ደብተር ያዋጣንልዎ፣ ሲሾሙ በግ ያረድንልዎ ልጃችን ነዎት። ያኔ «ሥሩት፣ የእናንተው ነው» ሲሉን ማረጋገጫ በጽሑፍ ያልጠየቅንዎ ሹም ስለሆኑ ሳይሆን ልጃችን ስለሆኑ ነው። ባጎረስኩ ተነከስኩ የሚለውን አባባል ለሌላ ሰው ስናውለው ኖረን አሁን በራሳችን ላይ ደረሰ።

ልጆቹ ወደ አስፋልቱ ተመልሰዋል። ኑሰይባ ፊሽካዋን ይዛ ዛሬ የምትቆመው በመንገዱ ዳር ነው፤ መኪና ሲመጣ ትነፋለች፣ እነርሱም ይበተናሉ። ጋሮምሳ ግን በዚያ በኩል ማለፍ ትቷል፤ ጋሪውን በሩቁ ዞሮ ይነዳል። የምንለምንዎ ሹመትዎን እንዲያጎድሉ ወይም ንግግርዎን እንዲሰርዙ አይደለም፤ ንግግሩ ለእርስዎ ይሁን፣ ሪባኑም ፎቶውም ለእርስዎ ይሁን። ዶዘሩ ከመድረሱ በፊት ቁልፉን ብቻ ይመልሱልን።

ደጅዎን ከመጥናት ብዛት የጥበቃዎን ልጆች ስም በቃላችን ያጠናን፣ ከፍ ባሉ ቁጥር አንገታችንን አቅንተን ለማየት የምንደክም፣ ያሳደግንዎ አክባሪዎችዎ፣

ስለ እድሩ አባላት
ሮማነወርቅ ኪዳነወልድ
አዳማ

ግልባጭ፦ ለበር ጠባቂዎ፤ እስካሁን ያስገባነውን ማመልከቻ ሁሉ ያነበበው እርሱ ብቻ ነውና።

ድኅረ ጽሑፍ፦ በዚህ ደብዳቤ ስምዎ ያልተጠቀሰው ፈርተን እንዳይመስልዎ። አዴ ዲንቄ ናቸው እጃችንን ይዘው የለመኑን። ልጄ ሥራ በዝቶበት ረስቶት ነው እንጂ ቁልፉን ያመጣዋል ይላሉ፤ ሸርተቴው ሲከፈት የሚሰፋ ቢገኝ ብለውም ሲባጎ ገዝተው አስቀምጠዋል። እርስዎ እንዳልረሱት ሊነግራቸው የደፈረ ሰው ከመካከላችን አልተገኘም። እባክዎ መልእክተኛ ሳይልኩ ራስዎ መጥተው ይንገሯቸው።