ሳይሞቱ የተለቀሰላቸው የካፒቴን ደምለው አምሳሉ የሕይወት ታሪክ

ካፒቴን ደምለው አምሳሉ ከአባታቸው ከአቶ አምሳሉ የኋላ እና ከእናታቸው ከወ/ሮ ጥሩነሽ አድማስ በምሥራቅ ጎጃም፣ በስናን ወረዳ፣ ከሮብ ገበያ ከፍ ብላ በምትገኝ መንደር በኅዳር ወር 1940 ዓ.ም. ተወለዱ። የክርስትና ስማቸው ወልደ ሚካኤል ነው። ይህ ስም በሕይወታቸው አንድ ጊዜ ያለ ቦታው ስለተጠራ እዚህ ላይ ለይተን ጽፈነዋል።

ፊደል በቤተ ክርስቲያን ቆጥረው፣ ዘመናዊ ትምህርታቸውን በሮብ ገበያና በደብረ ማርቆስ ተከታትለው በ1958 ዓ.ም. አሥራ ሁለተኛ ክፍልን አጠናቀቁ። በዚያው ዓመት ለአውሮፕላን አብራሪነት ከተፈተኑት የደብረ ማርቆስ ተማሪዎች መካከል ሁለት አለፉ፤ ካፒቴን ደምለውና የደምበጫው ተወላጅ እንዳላማው ሙላት። ሁለቱ አዲስ አበባ ላይ በአንድ ክፍል እያደሩ ሥልጠናቸውን ጨረሱ። ብቻቸውን ለመብረር የቀደሙት እንዳላማው ነበሩ። ካፒቴን ደምለው ይህን ሲያወሩ፣ “እሱ ሰማይ ላይ ሆኖ፣ መሬት ቆሜ የምጸልየው እኔ ነበርሁ” ይሉ ነበር።

ከሥልጠና በኋላ ሁለቱም ለተምችና ለአንበጣ መድኃኒት የሚረጩ ትናንሽ አውሮፕላኖችን እንዲያበሩ ተመደቡ። በሐምሌ 1965 ዓ.ም. ካፒቴን ደምለው ከባሕር ዳር ወደ ደብረ ማርቆስ እንዲበሩ ታዘው ሳለ ወባ ጣላቸውና ሐኪም ቤት ተኙ። በእሳቸው ፈንታ እንዳላማው ተነሡ። የጮቄ ተራራ ብርድ ብርቱ ነውና የካፒቴን ደምለውን ወፍራም ጃኬት ደርበው ሄዱ። ጃኬቱ ደረቱ ላይ “ደምለው አምሳሉ” የሚል ስም ተሰፍቶበት ነበር።

አውሮፕላኑ በጉም ውስጥ ከተራራው ጋር ተጋጨ። የሟቹ ፊት የሚለይ ስላልነበረ፣ አስከሬኑን ያገኙት የስናን ገበሬዎች በጃኬቱ ላይ ያለውን ስም አስነብበው ወደ አቶ አምሳሉ ቤት ይዘውት ወረዱ። ፍትሐቱ በወልደ ሚካኤል ስም ተደረሰ። ፈረስ ተሸልሞ ወጣ፤ ከየአቅጣጫው የመጣ ሕዝብ ደረቱን እየደቃ አለቀሰ፤ እናት ጸጉራቸውን ተላጩ።

ካፒቴን ደምለው ግን ከሕመማቸው አገግመው፣ ምንም ሳይሰሙ፣ በጭነት መኪና ተሳፍረው ሮብ ገበያ ደረሱ። ሐዘንተኛው ገና ዳስ ውስጥ ነበር። አባታቸው አማትበው፣ “ሰይጣን ካልሆንህ የአያትህን ስም ጥራ!” አሏቸው። ጠሩ። ለቅሶው እልልታ ሆነ፤ በሬ ታረደ።

ሟቹ እንዳላማው መሆናቸው ታውቆ መርዶ ተላከና፣ እልልታው ሳይበርድ የእንዳላማው እናት ወ/ሮ ሽታዬ ከደምበጫ ደረሱ። ባላቸው የሞቱባቸው፣ ከእንዳላማው በቀር ልጅ ያልነበራቸው ሴት ነበሩ። ካህናቱ ስሕተቱን አርመው፣ ፍትሐቱን በእንዳላማው የክርስትና ስም፣ በገብረ ኪዳን፣ እንደገና አደረሱ። ለቅሶውን ግን የሚደግመው ጠፋ። ሰው አንገቱን ደፋ እንጂ እንባ አልመጣለትም፤ አንዳንዱም የካፒቴን ደምለውን መትረፍ እያሰበ ፊቱ ይፈካ ነበር። ወ/ሮ ሽታዬ፣ “እንባችሁን በሕይወት ላለ ሰው ጨረሳችሁት። ለእኔ ልጅ ምን ተረፈው?” ብለው፣ መቃብሩ ላይ ብቻቸውን አልቅሰው ተመለሱ።

ካፒቴን ደምለው በ1968 ዓ.ም. ከወ/ሮ ሥራነሽ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው የኔአለምንና አበባውን ወለዱ። ጡረታ እስኪወጡም ድረስ በረሩ። ፍትሐት በቁማቸው ስለተደረሰላቸው የሰንበቴ ማኅበርተኞቻቸው “የተፈታው ካፒቴን” ይሏቸው ነበር። ወ/ሮ ሥራነሽም፣ “ከሞት ቢፈታ ነው እንጂ ከእኔስ አልተፈታም፤ ተክሊሌን ጠይቁ!” ብለው ያስቁ ነበር። ካፒቴን ደምለው በዚህ ቀልድ ሲስቁ ያያቸው የለም።

በየዓመቱ ሐምሌ ደምበጫ እየሄዱ ወ/ሮ ሽታዬን ይጠይቃሉ፤ የእንዳላማውንም ተዝካር ያወጣሉ። የቀረው ለቅሶ እንዲደረግ የአገሩን ሽማግሌዎች ቢለምኑም፣ “ካፒቴን፣ ተዝካርስ በየዓመቱ ይወጣል፤ ለቅሶ ግን ሬሳ ይፈልጋል” ተባሉ። ወ/ሮ ሽታዬ በ1989 ዓ.ም. ሲያርፉ የልጃቸውን የአብራሪነት ባርኔጣ ለካፒቴን ደምለው ሰጥተው፣ “አንተ ታስለቅስለታለህ” አሏቸው። ቃል ገቡ፤ እንዴት እንደሚፈጽሙት ግን አያውቁም ነበር።

በስተርጅና ክብሩ ሁሉ መጣ። የቀድሞ አብራሪዎች ሜዳሊያ አጠለቁላቸው። በደብረ ማርቆስ አንድ አደባባይ በስማቸው እንዲሰየም ሐሳብ ሲቀርብ፣ “በጃኬቴ የተነሣ አንድ ጊዜ የእንዳላማውን ቦታ ወስጄበታለሁ፤ አሁን ደግሞ በአደባባይ አልወስድበትም” ብለው እንቢ አሉ። ሲያርፉ አዲስ አበባ በማርሽ ባንድ ታጅበው እንዲቀበሩ የቀረበላቸውንም ግብዣ አመስግነው መለሱ።

ባደረባቸው የኩላሊት ሕመም በደብረ ማርቆስና በአዲስ አበባ ሲታከሙ ቆይተው፣ ጥቅምት 14 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በ77 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ። ከማረፋቸው በፊት ልጆቻቸውን አስቀርበው እንዲህ አሉ፦ “ለእኔ ተለቅሷል፤ ያውም በሚገባ። ሬሳ ካስፈለጋቸው ይኸው የእኔን ውሰዱና ለእንዳላማው አልቅሱለት።”

ስለዚህ ዛሬ ተሸልሞ በሚወጣው ፈረስ ላይ የምታዩት ባርኔጣ የእንዳላማው ሙላት ነው። አልቃሿም በቅድሚያ የምትጠራው የእንዳላማውን ስም ነው። ካፒቴን ደምለውን ብላችሁ የመጣችሁ ሁሉ፣ የእንዳላማው ስም ሲጠራ አብራችሁ እንድታለቅሱ ባለቤታቸው ወ/ሮ ሥራነሽ፣ ልጆቻቸው የኔአለምና አበባው፣ የልጅ ልጃቸው ሂዊም ይለምኗችኋል። ለእንዳላማው የሚያለቅስላቸው የሥጋ ዘመድ አልቀረም።

አምላከ ቅዱሳን የገብረ ኪዳንን ነፍስ፣ ቀጥሎም የወልደ ሚካኤልን ነፍስ፣ በአብርሃም በይስሐቅ በያዕቆብ አጠገብ ጎን ለጎን ያሳርፍልን። አሜን።