ቅጠሉን የጠበቁ ዶሮዎች

ጥር 12
ሥራ እንደ ወትሮው። ግሪንሃውሱ ይሞቃል… ሰላጣዎቹ አምረዋል። ላያቸው ሰው ተራ ሰላጣ ናቸው፤ ውስጣቸው ግን የፈንግል ክትባት አለ። ዶሮ ትበላዋለች፣ አለቀ። መርፌ የለ፣ በረዶ የለ። አለቃዬ ዶክተር ብርነሽ "ደርቆ ዱቄት ሲሆንም ኃይሉን አልቀነሰም" አለች። መገናኛ የላምበረት ታክሲ ለመያዝ ስጋፋ እንኳ ፈገግ እያልኩ ነበር።

ማታ ለአባዬ ነገርኩት። ወለጋ ውስጥ በእግሩ እየዞረ እንስሳት ሲከትብ የኖረ ሰው ነው። ስንቴ በረዶው መንገድ ላይ ቀልጦበት፣ የተበላሸ ክትባት ደፍቶ ተመልሷል… "እና ለኛዎቹ መቼ ነው?" አለኝ። የኛዎቹ የእማዬ ዶሮዎች ናቸው። እሷ ካረፈች ወዲህ ጠዋት ተነስቶ የሚያወራው ከነሱ ጋር ነው። "የመሞከሪያ ፈቃዱ ሲመጣ፣ ከነሱ እንጀምራለን" አልኩት።

ጥር 25
ፈቃዱ አልመጣም። እስኪመጣ ድረስ አንድ ቅጠል ከግቢ ማውጣት ክልክል ነው።

የካቲት 3
አባዬን ሳል ጥሎታል። ጠያቂ በዛ፤ የጸሎት ቡድኑ በሙሉ መጣ። ጋሽ ደጀኔ ባዶ እጄን አልመጣም ብለው ቀይ አውራ ዶሮ ከገበያ ገዝተው መጡ። "ሾርባ ይሠራለት" አሉ። ሰው ስለሞላ ለነገ ተባለና ጓሮ ከእማዬ ዶሮዎች አጠገብ ታሰረ። አየሁት… የኛዎቹ ኅዳር ላይ ተከትበዋል ብዬ ግድ አልሰጠኝም።

የካቲት 4
አውራ ዶሮው ሞቶ አደረ።

የካቲት 9
ሁለቱ ነጫጮች ሄዱ። አረንጓዴ ኩስ፣ የተጣመመ አንገት… ፈንግል ነው።

"አባዬ፣ ኅዳር ላይ ከታቢዎቹ መጥተው አልነበር? የዓይን ጠብታውን አልሰጧቸውም?"

"መለስኳቸው" አለ።

"ለምን?"

"የነሱን ከወሰዱ ያንቺ መሥራቱ በምን ይታወቃል? ሳይነኩ ይጠብቁሽ ብዬ ነው።"

ዕድሜውን ሙሉ አስከትቡ እያለ ሰው ሲለምን የኖረው አባቴ… በኔ ጊዜ በር ዘጋ። ልቆጣው አልቻልኩም። ክፍሌ ገብቼ አለቀስኩ።

ማምሻውን "ቅጠሉን ለቀረችው ለገብስማዋ እንኳ ብታመጪላት" አለኝ።

"አይቻልም አባዬ። ደግሞ በሽታው አንዴ ከገባ ክትባት አያድንም፣ ታውቃለህ።"

"አውቃለሁ። እንዲያው ነው።"

የካቲት 12
ገብስማዋም ሞተች። ጫጩት ሳለች እማዬ በሹራቧ ኪስ ያሞቀቻት… አሁን አንድም አልቀረም። አባዬ እያሳለው ራሱ ልቆፍር አለ። አካፋውን ቀማሁት። "ጥልቅ ይሁን፣ ለጎረቤት እንዳይተርፍ" ይለኛል ከላይ ቆሞ። ስጨርስ፣ "ለደጀኔ እንዳትነግሪ። ሾርባው ጥሩ ነበር በያቸው" አለ።

የካቲት 27
የሙከራ ዶሮዎቻችን ውጤት ወጣ። ቅጠሉን በልተው በኋላ ቫይረሱን የሰጠናቸው ከጥቂቶቹ በቀር ቆመዋል። ያልበሉት አለቁ። ባልደረባዬ እዝራ ሥራ ቦታ ሁሉን አቅፎ ጨረሰ። እኔ ያልበሉት የነበሩበት ባዶ ክፍል በር ላይ ቆሜ ቀረሁ። ይሄን ቀን ስንት ዓመት ጠብቄዋለሁ… ለምን ደስ አላለኝም?

ሚያዝያ 2
ፈቃዱ መጣ! በሰው ግቢ ባሉ ዶሮዎች መሞከር ይቻላል። ዶክተር ብርነሽ "ከእናንተ ቤት እንጀምር፣ ለአባትሽ ቃል ገብተሻል" አለች። የሉም አልኳት። ሌላ አልጠየቀችኝም።

ሚያዝያ 9
ቅዳሜ። ከታቢዎቹ ሰፈር ገብተዋል። ጎረቤታችን ሀቢባ በአጥር በኩል አባዬን ጠራችው።

"ጋሽ ገመዳ፣ የልጅዎ የሐሴት ቅጠል ደረሰ ሲሉ ሰማሁ። የነዚህን ልመልስና የሷን ልጠብቅ እንዴ?"

እኔ ልብስ እያሰጣሁ ነበር። አባዬ፣ "አይ ሀቢባ፣ ያለውን አስከትቢ። የሚመጣውን አትጠብቂ" አላት።

ቀና ብሎ አላየኝም። ልክ ነው… እኔም ብሆን እንደዚያ ነበር የምላት። ግን እኔን አምኖ በር የዘጋው ያ ሰው ናፈቀኝ። ከሰዓት ሱቅ ሄጄ እንቁላል ገዛሁ። ከዚህ በፊት ገዝተን አናውቅም።