አዲስ ሠራተኛ ጋቢና የሚያስቀምጡት ጋሽ ቀስበል

ብዙዎቻችሁ ጋሽ ቀስበል የምትሏቸው ሟች፣ ከአናጢ አባታቸውና ልብስ እየሰፉ ቤት ካቀኑት እናታቸው፣ ከእንጨት መሰንጠቂያው ጀርባ ባለው ሰፈር በ1943 ዓ.ም. ተወለዱ። ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ እዚያው ሰፈር ትምህርት ቤት ገብተው እስከ ስምንተኛ ክፍል ተማሩ። አባታቸው ወገባቸውን ታመው ሥራ ሲያቆሙ ግን ትምህርቱን ትተው ጣውላ መሸከም ጀመሩ። ከዚያ ቤት ደኅና ወገብ ያለው ሰው ወጥቶ አያውቅም።

ቆየት ብለው በአንድ የቤት ዕቃ መደብር በጫኝና አውራጅነት ተቀጠሩ፤ መንጃ ፈቃድም አወጡ። በ1968 ዓ.ም. በዚያው መደብር መጋረጃ ይሰፉ ከነበሩት ከዛሬዋ ባለቤታቸው ጋር ጋብቻ መሥርተው ሁለት ሴትና አንድ ወንድ ልጅ አፈሩ። በ1975 ዓ.ም. ዳገት ላይ እንደ ሰው የምታቃስት አሮጌ የጭነት መኪና ገዝተው ቤት የሚቀይሩ ሰዎችን ዕቃ ማጓጓዝ የራሳቸው ሥራ አደረጉ። ቁምሳጥን ደረጃ በወረደ ቁጥር «ቀስ በል፣ ኧረ ቀስ በል» ሲሉ ይህ ስም ወጣላቸው።

በ1996 ዓ.ም. ሥራው ሲሰፋ፣ አንድ ሠራተኛ አቅራቢ ነኝ ባይ ደላላ አራት ጫኞች አመጣላቸው። ክፍያውን እኔ እቀበላለሁ፣ ማደሪያውን እኔ አዘጋጃለሁ፣ እርስዎ ከእኔ ጋር ብቻ ይነጋገሩ አላቸው። እሳቸውም ተገላገልኩ ብለው ደስ አላቸው። ሰዎቹ ጉልበተኞች፣ ዝምተኞች፣ ሲጠሯቸው ከተቀመጡበት ብድግ የሚሉ ነበሩ። «እንዲህ ያለ ጨዋ ከየት ተገኘ?» እያሉ ራት ላይ ያወሩላቸው ነበር። ዝምታውን ጨዋነት ነው ብለው ነበር።

አንድ ቀን ሦስተኛ ፎቅ ላይ ቁምሳጥን የአንደኛውን ጣቶች ከግድግዳ ጋር አጣበቀ። ሰውዬው አልጮኸም። እሳቸውን ያስደነገጣቸው ደሙ ሳይሆን ይህ ነበር። ጋቢና አስገብተው ወደ ክሊኒክ ሲወስዱት «እሱ ፈቅዷል?» ብሎ ጠየቃቸው። መታወቂያህስ ቢሉት ደላላው ጋ ነው አለ። ደመወዙም እዚያው፣ ማታ ከውጭ የሚቆለፍባቸው ክፍል ቁልፍም እዚያው።

«ይህን ያህል ጊዜ አብረን ስንሠራ ምነው አልነገርከኝ?» አሉት።

«ጋሼ፣ እርስዎም የእሱ ወገን መስለውኝ» አላቸው።

ያን ቀን ምግብ የሚባል አልቀመሱም። በማግስቱ ሰውዬውን ይዘው ፖሊስ ጣቢያ ሄዱ። አራቱም መታወቂያቸውን ተቀበሉ፤ ደላላው ታሰረ። ወዳጆቹ ግን ውጭ ነበሩ። የመኪናው መስታወት ተሰበረ፣ ጎማው ተቀደደ፣ ደንበኛም «ይሄ ሰውዬ ጣጣ አያጣውም» እያለ ሸሸ። ባለቤታቸው «አንተ ሰው፣ የልጆች አባት ነህ፣ ተው» ቢሏቸው «ብተወው እንቅልፍ ይወስድሻል?» አሉ። «እኔን ድሮስ መች ወስዶኝ ያውቃል» ተባሉ።

ከዚያ ወዲህ ማንም ያምጣው ማን፣ አዲስ ሠራተኛ የመጀመሪያ ቀን ከኋላ ከዕቃው ጋር አይጫንም። ያመጣው ሰው መንገድ ላይ ይቀራል፤ ሠራተኛው ብቻውን ጋቢና ይገባል። አጭሩን መንገድ ትተው ዙሪያውን እየነዱ መታወቂያህ የት ነው፣ ደመወዝህን በእጅህ ትቀበላለህ ወይ፣ ነገ ሥራውን ልተው ብትል ማንን ትፈራለህ ይሉታል። መልስ ካጡ በሌላ ቀን ደግሞ ያዞሩታል። ሠራተኞቹ ያችን መቀመጫ «የኑዛዜ ወንበር» ይሏት ነበር። ደንበኞች አረፈዳችሁ ብለው ይቆጡ ነበር፤ እውነትም ያረፍዱ ነበር።

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ሳንባቸው ደከመ። ሥራውን የተረከበችው የመጀመሪያ ልጃቸው ናት። ዘንድሮ ገበያው ሲጠፋባት፣ በርካሽ ሠራተኛ አመጣልሻለሁ የሚል ሰው ደጇ መጣ። «አባዬ፣ ለአንድ ወር ብቻ» አለቻቸው። ለመከራከር ትንፋሽ አልነበራቸውም። «አንዱን ጋቢና አስቀምጪው» ብቻ አሉ።

በማግስቱ ከሥራ መልስ አልጋቸው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብላ ነገረቻቸው።

«ሁለት ጊዜ ዞርኩ፤ ትንፍሽ አላለም። ስንመለስ ያመጣው ሰውዬ ቆሞ ሲጠብቀን ግን ሠራተኛው አልወርድም ብሎ መቀመጫውን ጨመደደ።»

«ከዚያስ?»

«በሩን ቆልፌ ወደ ፖሊስ ጣቢያ ነዳሁት።»

«ፈርተሻል?»

«አዎ፤ የጣቢያውን በር አልፌው ሄጄ ተመለስኩ።»

«እኔም ያኔ አልፌው ነበር» አሏት። ውኃ ጠየቁ፤ ከጠጡም በኋላ እጇን ይዘው ተኙ።

ሟች በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ማክሰኞ ሚያዝያ 7 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በ74 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም አረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውን፣ አምስት የልጅ ልጆቻቸውንና ከመኪናቸው ላይ እንጀራ የበሉ ብዙ ሠራተኞችን ትተው ሄደዋል።

ይህን የጻፍኩት እኔ ባለቤታቸው ነኝ። ልጄ ያስያዘችው የዚያ ሰውዬ ወዳጆች ዛሬም ውጭ ናቸው፤ እሷም ከሐዘን ስትነሣ ሥራ ትወጣለች። አባቷን ተው ያልኩትን ያህል እሷን ተዪ ማለት አልሆነልኝም። እባካችሁ የሰፈር ሰዎች፣ ይህ ነገር እስኪበርድ ድረስ ጠዋት ጠዋት አንድ ሰው አብሯት ይውጣ። እኔ ጉልበቴ አይችልም እንጂ እወጣ ነበር።

ዕድሜ ልካቸውን የሰው ዕቃ የተሸከሙትን፣ በመጨረሻም የሰው ጭንቀት የተሸከሙትን ባለቤቴን ፈጣሪ ሸክም በሌለበት ያሳርፍልን። የቀረነውንም ይጠብቀን። አሜን።